ወንዝን በነፍሳቱ መመርመር፦ መረቡ ያልያዘውን እንዴት እናንብብ?

«ስቶንፍላይ የሚባለው ነፍሳት እጭ አልተገኘም፤ ስለዚህ ወንዙ ተበክሏል» የሚለው ድምዳሜ አውሮፓ ውስጥ ብዙ ጊዜ ያስኬዳል። በኢትዮጵያ ደጋ ግን ንጹሑን ወንዝ በሐሰት ያስወነጅላል። በሰሜኑ ዓለም የወንዝ ጤንነት ቀዳሚ ምስክር ተደርገው የሚቆጠሩት ሦስት የነፍሳት ክፍሎች ናቸው፦ ሜይፍላይ፣ ስቶንፍላይና ካዲስፍላይ። ሦስቱም ክንፍ አውጥተው ከመብረራቸው በፊት ውሃ ውስጥ እጭ ሆነው ያድጋሉ፤ አብዛኞቹም ብክለትን አይችሉም። ከሦስቱ ስቶንፍላይ በአውሮፓ በመቶዎች የሚቆጠሩ ዝርያዎች ሲኖሩት፣ በሐሩር አፍሪካ በተግባር የሚገኘው ኒዮፐርላ የተባለው አንድ ወገን ብቻ ነው። በብዙ ብርዳማ የደጋ ጅረቶቻችን ውስጥ ውሃው ምንም ያህል ንጹሕ ቢሆን አይገኝም። የሌላ አገር ቀመር እንዳለ ተገልብጦ ሲመጣ፣ ጅረቱ ሊኖረው የማይችለውን እንስሳ ስላጣ ነጥብ ይቀነስበታል።

የዚህ ሙያ ከባዱ ሥራ እንግዲህ ያልተገኘው እንስሳ መጀመሪያውኑ እዚያ መኖር ይችል እንደነበር ማረጋገጥ ነው። ቦታ ሲመረጥ፣ ናሙና ሲወሰድ፣ ነጥብ ሲሰጥ የሚደረገው ጥንቃቄ ሁሉ ከዚህ ጋር ይያያዛል።

ስለ የትኞቹ እንስሳት ነው የምናወራው? በወንዝ ወለል ላይ የሚኖሩ፣ የጀርባ አጥንት የሌላቸው፣ ቀዳዳው ግማሽ ሚሊሜትር የሆነ ወንፊት የሚያስቀራቸው ናቸው፦ የነፍሳት እጮች፣ ጢንዚዛዎች፣ ቀንድ አውጣዎች፣ አልቅቶች፣ ትሎች፣ ሸርጣኖች። አብዛኞቹ ለሳምንታት ወይም ለወራት ከአንድ አካባቢ አይርቁም። ይህ ነገር ምን ያህል እንደሚጠቅም ለማየት ኦክስጅንን እንውሰድ። ፍሳሽ የገባበት ወንዝ ላይ አልጌ ይበዛል። አልጌው ቀን በፀሐይ ኦክስጅን ያመርታል፤ ሌሊት ግን እሱም ይተነፍሳል፣ ባክቴሪያውም ይጨመርበታል። ስለዚህ የውሃው ኦክስጅን ዝቅተኛ የሚሆነው ከንጋት በፊት ነው። መለኪያ ይዞ ከረፋዱ 5 ሰዓት ላይ ወንዙ ዳር የሚደርስ ባለሙያ ደኅና ቁጥር መዝግቦ ይመለሳል። ሌሊቱን ሙሉ እዚያው የነበረው እጭ ግን ወይ ችሎ ኖሯል፣ ወይ ሞቷል።

ፈጣን ጅረት ውስጥ ያለ አንድ ድንጋይ ቀስ ብሎ ወጥቶ ሲገለበጥ የሚታየውን ማወቅ ያስፈልጋል። ጠፍጣፋ ሆኖ ድንጋዩ ላይ ተለጥፎ፣ ብርሃን ሲያርፍበት ወደ ጎን እየተንሸራተተ ወደ ሥር የሚሸሸው የሄፕታጀኒዴ ቤተሰብ ሜይፍላይ ነው። ቀጠን ብሎ እንደ ትንሽ ዓሣ ፈንጠር ፈንጠር የሚለው ደግሞ ባኤቲዴ ነው። ሁለቱም በሆዳቸው ግራና ቀኝ የተደረደረ ስንጥብ፣ ማለትም ውሃ ውስጥ የሚተነፍሱበት አካል፣ አላቸው፤ መለየትም የሚቻለው በስንጥቡ ቅርጽና አቀማመጥ ነው። በድንጋዮቹ መሐል ትንሽ የሐር ወጥመድ ዘርግቶ ውሃው የሚያመጣለትን የሚበላው ሃይድሮፕሲኪዴ የተባለ ካዲስፍላይ ነው። በኋለኛ ጫፉ ተጣብቆ፣ በራሱ ላይ ባሉ ሁለት ማራገቢያ መሰል አካላት ምግብ የሚያጣራው የጥቁር ዝንብ እጭ ነው።

ፍሳሽ ወደሚገባበት ዝቃጭ ስንሄድ ነዋሪው ሌላ ነው። ደም የመሰሉ ቀይ ትሎች ይታያሉ። እነዚህ ትንኝ የምትመስለው የማትናከሰው የኪሮኖሚዴ ዝንብ እጮች ሲሆኑ፣ ቀለማቸው የሄሞግሎቢን ነው፤ ኦክስጅን ባነሰበት ጭቃ ውስጥ የሚያኖራቸውም እሱ ነው። ራሳቸውን ጭቃ ውስጥ ቀብረው ጅራታቸውን ውሃ ውስጥ የሚያወዛውዙ ቀጫጭን ትሎች አሉ። ረጅም መተንፈሻ ቱቦ ወደ ላይ ዘርግቶ ከአየር የሚተነፍስ የዝንብ እጭም አለ። ይህኛው ኦክስጅኑን ከውሃው ስለማይወስድ የውሃው ኦክስጅን ቢያልቅም አይቸገርም።

ወደ አሠራሩ ስንገባ መጀመሪያ የሚወሰነው ወቅቱ ነው። ክረምት ላይ ደራሽ ውሃ ድንጋዩን እያገላበጠ እንስሳቱን ጠራርጎ ይወስዳል። ነሐሴ ላይ የተገኘ ባዶ መረብ ጎርፉን እንጂ ብክለቱን አያሳይም። ከኅዳር እስከ የካቲት ባለው ጊዜ ፍሰቱ ረጋ ስለሚልና ውሃው ስለሚጠራ ሥራውም ውጤቱም የተሻለ ነው። በበጋ ድንገተኛ ዝናብ ጥሎ ወንዙ ከሞላም ቢያንስ ጥቂት ሳምንታት መጠበቅ ይገባል። የእሸት ቡና ማጠቢያ ጣቢያ ባለበት አካባቢ፣ ለምሳሌ በጅማ ዙሪያ፣ ቀኑ የሚቆረጠው በጣቢያው የሥራ ወራት ነው። ከማጠቢያው የሚወጣው ፍሳሽ በስኳርና በአሲድ የበለጸገ ስለሆነ ጉዳቱ የሚከፋው በመከር ሰሞን ነው። በግንቦት ብቻ ናሙና ወስዶ «ጣቢያው ጉዳት የለውም» ማለት የተሳሳተ ምስክርነት ነው።

ቀጥሎ ማነጻጸሪያ ቦታ ይመረጣል። ሥራው በሙሉ የሚቆመው በዚህ ላይ ስለሆነ ጊዜ ቢፈጅም ይገባዋል። ማነጻጸሪያው ከሚጠናው ወንዝ ጋር በከፍታ፣ በስፋት፣ በተዳፋትና በወለል ዓይነት መቀራረብ አለበት፤ የሰው ተጽዕኖውም በተቻለ መጠን ያነሰ መሆን አለበት። እርሻው እስከ ወንዝ አፍ በሚደርስበት ደጋ ይህን ማግኘት ቀላል አይደለም። በአዋሽ መነሻ አካባቢ ያለው የጭሊሞ ደን፣ የመናገሻ ሱባ ደንና የባሌ ተራሮች ውስጥ ያሉ ጅረቶች ለዚህ ይሆናሉ። የጭሊሞን ጅረት ግን ከቆላው አዋሽ ጋር ማነጻጸር አይቻልም። ሙቀቱም፣ የውሃው መጠንም፣ ወለሉም ስለሚለያይ ብክለት ባይኖርም እንስሳቱ ይለያያሉ።

ከፍታ በተለይ ኦክስጅን ላይ ያሳስታል። በባሕር ወለል ከፍታ፣ በ20 ዲግሪ ሴልሺየስ፣ ውሃ ሊይዝ የሚችለው ኦክስጅን በሊትር 9.1 ሚሊግራም ያህል ነው። በ2,400 ሜትር ላይ የአየር ግፊቱ ስለሚቀንስ ይኸው ውሃ ሞልቶም 6.8 አካባቢ ነው የሚይዘው። «ከ8 በታች ከሆነ ተበክሏል» የሚል የውጭ መስፈርት አዲስ አበባ ላይ ሲተገበር ምንም ያልነካውን ሞቅ ያለ ጅረት ይጥላል። ስለዚህ ከሚሊግራሙ ጋር የሙሌቱን መቶኛ መመዝገብ፣ መለኪያውንም እዚያው በቦታው ከፍታ ማስተካከል ግዴታ ነው።

ናሙና አወሳሰዱ ላይ በኢትዮጵያ ጥናቶችም ሥራ ላይ የዋለው የአውሮፓውያኑ ዘዴ እንዲህ ነው። በአብዛኛው 100 ሜትር ርዝመት ያለው የወንዝ ክፍል ይመረጥና ወለሉ በዓይን ይገመታል። ከዚያ 25 በ25 ሴንቲ ሜትር ከሆነ ስፋት 20 ንዑስ ናሙናዎች ይወሰዳሉ፤ በድምሩ 1.25 ካሬ ሜትር ማለት ነው። ሃያው የሚከፋፈለው እንደ ወለሉ ድርሻ ነው። ድንጋይ 50 በመቶ ከሆነ 10፣ ጠጠር 20 በመቶ ከሆነ 4፣ ቅጠልና ሥር 15 በመቶ ከሆነ 3፣ አሸዋና ጭቃ 15 በመቶ ከሆነ 3 ይደርሳቸዋል። ይህ ካልተጠበቀ የሰው እግር ወደሚመቸው ቦታ ያዘነብላል፤ ዳር ላይ ካለው አሸዋ ብቻ ተወስዶ «ሜይፍላይ የለም» ይባላል።

መረቡ ግማሽ ሚሊሜትር ቀዳዳ ያለውና ባለ እጀታ ነው። ሥራው ከታች ተጀምሮ ወደ ላይ ይሄዳል፤ ከላይ ከተጀመረ የሚረገጠው ሁሉ ቀድሞ ታችኛውን ቦታ ይበጠብጣል። የመረቡ አፍ ወደ ውሃው መምጫ ዞሮ ወለሉ ላይ ይጠበቃል። ከአፉ ፊት ለፊት ያለው ወለል በእግር ከ5 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ይፈነቀላል፤ ትልልቁ ድንጋይ በእጅ ተነሥቶ እዚያው መረቡ አፍ ላይ ይታሻል። ብዙዎች የሚዘነጉት መረቡ ሲደፈን ነው። ቅጠልና ደለል ሲሞላው ውሃው ማለፍ ያቅተውና ወደ ኋላ ይገፋል፤ እንስሳቱም በጎን ይወጣሉ። ከጥቂት ንዑስ ናሙናዎች በኋላ ወደ ባልዲ እየገለበጡ ማጠብ ያስፈልጋል። የረጋ ውሃ ላይ ደግሞ ወንዙ ራሱ ወደ መረቡ ስለማያስገባ፣ ወለሉ ተበጥብጦ መረቡ በተበጠበጠው ውሃ ውስጥ ደጋግሞ ይመላለሳል።

ለብዙ የተበላሹ ናሙናዎች ምክንያቱ አልኮል ነው። በጠርሙሱ ውስጥ በመጨረሻ የሚቀረው ከ70 በመቶ በታች መውረድ የለበትም። እንስሳቱና ቅጠሉ ግን ራሳቸው ውሃ ናቸው። 70 በመቶ አልኮል ከተጨመረ በማግስቱ 50 ሊሆን ይችላል፤ ከዚያ መበስበስ ይጀምራል። ስለዚህ የናሙናው ውሃ በወንፊት ይንጠፈጠፋል፣ ጠርሙሱ ከግማሽ በላይ በናሙና አይሞላም፣ 96 በመቶ አልኮል ይጨመርበታል፤ ከ24 ሰዓት በኋላም ይቀየራል። ይህ ሲጓደል መጀመሪያ የሚረግፈው የሜይፍላይ ስንጥብና እግር ነው። እንስሳው በስንጥቡ ስለሚለይ የረገፈበት እጭ ማንነቱ አይታወቅም፤ ከዝርዝሩ ይወጣል፣ ወንዙም ሳይበከል ነጥብ ያጣል። ሸርጣን ለብቻው ጠርሙስ ይገባል፤ አብሮ ከተጫነ ሌላውን ይጨፈልቃል። መለያ ወረቀቱ በእርሳስ ተጽፎ ጠርሙሱ ውስጥ ይገባል፤ የእስክሪብቶ ቀለም አልኮል ውስጥ ይሟሟል፣ ክዳን ላይ የተጻፈም መንገድ ላይ ይጠፋል። የወንዙ ስም፣ ከፍታው፣ መገኛ ነጥቡ፣ ቀኑና «ከ2 ጠርሙስ 1ኛው» የሚለው ሁሉ ይጻፍ። የቀን አቆጣጠሩ የኢትዮጵያ ይሁን የአውሮፓ ካልተጠቀሰ ወቅቱ ሊምታታ ስለሚችል እሱም ይገለጽ።

ላቦራቶሪ ውስጥ ናሙናው በወንፊት ታጥቦ፣ በእኩል ካሬዎች በተከፈለ ነጭ ሳህን ላይ ይነጠፋል። የሚለቀሙት ካሬዎች በዕጣ ይወጣሉ፤ የተጀመረ ካሬም ያልቃል። በዓይን ከተመረጠ ትልቁና ቀዩ ቀድሞ ይነሣል፤ ፈዛዛና ደቃቅ የሆነው ኬኒዴ የተባለ ሜይፍላይ ይቀራል። ለቀማው አንድ የተወሰነ ቁጥር ላይ መቆም አለበት፤ ብዙዎች 200 ወይም 300 እንስሳትን ይመርጣሉ። ከአንዱ ቦታ 100፣ ከሌላው 900 ቢለቀም፣ ሁለተኛው ብዙ ስለተለቀመ ብቻ የቤተሰብ ዓይነቱ ይበዛል። ከተለቀሙት ሳህኖች አልፎ አልፎ አንዱን ሌላ ሰው ዳግም ቢፈትሸው ጥሩ ነው። ከእንስሳቱ አንድ አሥረኛው ሳይለቀም ቀርቶ ከተገኘ የመጀመሪያው ሥራ ይደገማል።

ነጥብ አሰጣጡን ለማየት ብዙ የአፍሪካ አገሮች መነሻ ያደረጉትን የደቡብ አፍሪካን መለኪያ እንውሰድ። እያንዳንዱ ቤተሰብ እንደ ብክለት አለመቻሉ ከ1 እስከ 15 ነጥብ ይሰጠዋል። ሄፕታጀኒዴ 13፣ ሌፕቶፍሌቢዴ የተባለው ሜይፍላይ 9፣ ኤልሚዴ የተባለው ጢንዚዛ 8፣ ኬኒዴ 6፣ ጥቁር ዝንብ 5፣ ሸርጣን 3፣ አልቅት 3፣ ፊዚዴ የተባለው ቀንድ አውጣ 3፣ ኪሮኖሚዴ 2፣ የትንኝ እጭ 1፣ ቀጫጭን የጭቃ ትል 1 ነው። ባኤቲዴ ለየት ይላል፤ አንድ ዝርያ ብቻ ከተገኘ 4፣ ሁለት ከሆኑ 6፣ ከሁለት በላይ ከሆኑ 12 ይይዛል።

ለስሌቱ ያህል፣ ከፍሳሹ በላይ ባለው ቦታ ሄፕታጀኒዴ፣ ሌፕቶፍሌቢዴ፣ ከሁለት በላይ የባኤቲዴ ዝርያዎች፣ ኤልሚዴ፣ ኬኒዴ፣ ጥቁር ዝንብ፣ ሸርጣንና ኪሮኖሚዴ ተገኙ እንበል። ድምሩ 58፣ ቤተሰቦቹ 8፣ አማካዩ 7.25 ይሆናል። ከፍሳሹ በታች አንድ የባኤቲዴ ዝርያ፣ ጥቁር ዝንብ፣ አልቅት፣ ፊዚዴ፣ ኪሮኖሚዴ፣ የትንኝ እጭና የጭቃ ትል ተገኙ። ድምሩ 19፣ ቤተሰቦቹ 7፣ አማካዩ 2.7 ነው። የቤተሰቦቹ ቁጥር ከ8 ወደ 7 ብቻ ነው የወረደው። ዓይነት ብቻ የሚቆጥር ሰው ልዩነቱን ያልፈዋል፤ አማካዩ ግን እነማን በእነማን እንደተተኩ ያሳያል። በእኛ እምነት ድምሩ ከአማካዩ ይልቅ በናሙና ብዛት ስለሚዋዥቅ፣ ሁለቱ ካልተስማሙ በአማካዩ ላይ መደገፍ ይሻላል። ያም ሆኖ አንድ ናሙና አይበቃም፤ ከየቦታው ቢያንስ ሦስት ያስፈልጋል።

ነጥቡ ወንዙ መታመሙን ይናገራል፣ በሽታውን ግን አይናገርም። በሽታውን የሚናገረው የእንስሳቱ ስብጥር ነው። የመጸዳጃ ፍሳሽ ወይም የቡና ማጠቢያ ውሃ ሲገባ ምግብ ይበዛል፣ ኦክስጅን ያንሳል። ስለዚህ ዓይነቱ ጥቂት፣ ብዛቱ ግን እጅግ ከፍተኛ ይሆናል፤ ሳህኑ በቀይ ትል ይሞላል። መርዛማ ነገር ሲገባ፣ ለምሳሌ ክሮሚየም ያለበት የቆዳ ፋብሪካ ፍሳሽ፣ ዓይነቱም ብዛቱም አብሮ ይወድቃል። ፀረ ተባይ ሲሆን ነፍሳቱ ያልቃሉ፤ ትልና ቀንድ አውጣ ግን ሊተርፉ ይችላሉ። ኦክስጅኑ ጥሩ ሆኖ ነፍሳቱ ከሌሉ በላይኛው ማሳ ላይ ምን እንደተረጨ መጠየቅ ይገባል። ደለል ደግሞ በድንጋዮች መሐል ያለውን ክፍተት ይደፍናል። ድንጋይ ላይ የሚለጠፈው ሄፕታጀኒዴ ይጠፋል፤ ስንጥቡን የሚሸፍን ክዳን ያለው ኬኒዴ ግን ደለሉን ተቋቁሞ ይቆያል። አፈር በሚታጠብባቸው ደጋዎቻችን ይህን ከፍሳሽ ጉዳት መለየት ትልቅ ቁም ነገር ነው። መፍትሔው አንዱ ጋ እርከንና የወንዝ ዳር ተክል ነው፣ ሌላው ጋ የፍሳሽ ማጣሪያ።

የኢትዮጵያን ተራራማ ጅረቶች እንስሳት በሰፊው የዘረዘረው ሥራ እ.ኤ.አ. በ1988 የታተመው የሃሪሰንና የሃይንስ ጥናት ነው። ኖኤል ሃይንስ ሥራቸውን የጀመሩት በብሪታንያ ስቶንፍላይ እጮች ላይ ነበር፤ በኋላም በካናዳ ዋተርሉ ዩኒቨርሲቲ የወንዝ ሥነ ምህዳርን ካቋቋሙት ሰዎች አንዱ ሆነዋል። ይህ ዓይነቱ ዝርዝር አሰልቺ ቢመስልም ምን «መኖር ነበረበት» ለሚለው ጥያቄ መልስ የሚገኘው ከእሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 አስቻለው ላቀውና ኦስትሪያዊው ኦቶ ሞግ ለኢትዮጵያ ደጋ ወንዞች ኢትባዮስ የተባለ የነጥብ መለኪያ አሳተሙ። ደጋ ወንዝ ላይ የሚሠራ ሰው ከውጭ መለኪያ በፊት ይህን ማየት አለበት። ቆላ ላይ ግን እሱንም እንዳለ መውሰድ አይገባም፤ የተሠራው ለደጋ ነውና።

የሠራተኛው ጤና እንዳይረሳ። ጠፍጣፋ ክብ ጥቅልል ቅርጽ ያለው ባዮምፋላሪያ የተባለው ቀንድ አውጣ ባለበት ውሃ ውስጥ ቢልሃርዚያ ሊኖር ስለሚችል፣ እስከ ጭን የሚደርስ ቦት ጫማና ረጅም ጓንት ይለበሳል። ቀንድ አውጣና እንዶድ ሲነሣ ዶክተር አክሊሉ ለማ ይታወሳሉ። እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ፣ ልብስ በእንዶድ በሚታጠብበት ቦታ ከታች በኩል ቀንድ አውጣዎች ሞተው አይተው ምርምራቸውን ጀመሩ። ለናሙና ሠራተኛ ከዚህ የሚወሰድ ተግባራዊ ነገር አለ፤ እንዶድም ሆነ ሳሙና በብዛት ከሚታጠብበት ቦታ በታች የተወሰደ ናሙና ስለ ወንዙ በሙሉ ሳይሆን ስለ ማጠቢያው ነው የሚናገረው። ስለዚህ ከማጠቢያው በላይ ሌላ ናሙና ይወሰድ።

መረቡ በእውነት ባዶ የሚወጣበት ቦታም አለ። አዲስ አበባ መሐል ላይ በቀበናና በአቃቂ የተደረገ፣ እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ ጥናት፣ ብክለቱ እጅግ በከፋበት ቦታ እነዚህ እንስሳት ከነጭራሹ የሉም ለማለት እስኪደርሱ በመመናመናቸው፣ ዳያቶም የተባለው ደቃቅ አልጌ የብክለቱን ደረጃ በተሻለ እንደሚለይ አሳይቷል። ዜሮና ዜሮ አይበላለጡም፤ በጣም የከፋውን ከከፋው መለየት ካስፈለገ ድንጋይ ላይ ያለው አልጌ በጥርስ ብሩሽ ተፍቆ መወሰድ አለበት። ወንዙ ማገገም ሲጀምር ደግሞ መረቡ ተመልሶ ይጠቅማል። ከላይ ያሉት ገባሮች ንጹሕ ከሆኑ፣ በውሃው እየተወሰዱ ቀድመው ከሚደርሱት ውስጥ ባኤቲዴና ጥቁር ዝንብ አሉ። ስለዚህ የማጣሪያ ጣቢያ በተሠራበት ወንዝ ላይ በየሦስት ወሩ መታየት ያለበት የባኤቲዴ ዝርያ ከአንድ ወደ ሁለት ማለፉ ነው። ሄፕታጀኒዴ ከዚያ በኋላ ዓመትም ሊፈጅ ይችላል፤ ድንጋዩ ከደለል ካልጸዳ ደግሞ ውሃው ቢጸዳም አይመጣም።